ልጅ ላይ ጤነኛ ምስል የቱ ነው? የሕፃናት ራዲዮሎጂ ፕሮፌሰር ምን እየሠራ እንደሚውል

እስቲ መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ እንለይ፣ እዚህ ጋ ሁሌ ግራ መጋባት አለ። ራጅ ስትነሱ "ትንፋሽ ያዝ፣ እንዳትንቀሳቀስ" የሚላችሁ ሰው ራዲዮግራፈር ነው፣ ማሽኑም አቀማመጡም የሱ ሙያ ነው። ራዲዮሎጂስት ግን ሐኪም ነው፤ ሕክምና ተምሮ ጨርሶ ከዛ ምስል ማንበብ ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ ብዙ ጊዜ ፊቱን የማታዩት፣ ፊልሙ ያለበት ኤንቨሎፕ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚሰጣችሁን ወረቀት የጻፈው ሰው ማለት ነው። የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ደሞ ከዚህ በኋላ ፌሎውሺፕ የሚባል ከስፔሻሊቲ በላይ ያለ ሥልጠና ጨምሮ ልጆች ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። "አካዳሚክ" ሲባል ደግሞ ይሄው ሰው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ በሽተኛም ያያል፣ ሬዚደንትም (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም) ያስተምራል፣ ጥናትም ይሠራል፣ ሦስቱንም በአንድ ደሞዝ።

ሰው ይሄን ሲሰማ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ለልጅ ለብቻው ራዲዮሎጂስት ምን ያደርጋል፣ አጥንት አጥንት አይደል እንዴ?" ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስለ ብርቅ በሽታዎች አይደለም። በሽታውንማ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። የሚከብደው ጤነኛውን ማወቅ ነው። የ40 ዓመት ሰው ክርን ዛሬም ከአምስት ዓመት በኋላም ያው ክርን ነው፣ የልጅ ክርን ግን በየዓመቱ ሌላ ነው፣ እና በሁለት ዓመቱ ጤነኛ የሆነው ምስል በአስር ዓመቱ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ክርኑን ካነሳን አይቀር በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም ሬዚደንቶች ሁሉ መጀመሪያ የሚፈተኑበት ነገር ነው። ልጅ ሲወለድ የክርኑ መገጣጠሚያ አካባቢ አብዛኛው ገና ልም አጥንት ስለሆነ ራጅ ላይ አይታይም። ከዛ ስድስት ቦታዎች ላይ ነጥብ ነጥብ የሚያህል አጥንት በተራ መብቀል ይጀምራል፣ የመጀመሪያው 1 ዓመት አካባቢ የመጨረሻው 11 ዓመት አካባቢ፣ መሀል ያሉት በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ሴቶቹ ላይ ትንሽ ቀደም ይላል። እዚህ ጋ ቁም ነገሩ ዕድሜው ሳይሆን ተራው ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጉብታ በተራው ሦስተኛ ነው፣ ከሱ አጠገብ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ደግሞ አራተኛ። አሁን አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ መጣ እንበል፣ ራጁ ላይ አራተኛው ቦታ ላይ ቁራጭ አጥንት አለ፣ ሦስተኛው ቦታ ግን ባዶ ነው። ያልለመደ ዓይን "በዕድሜው የሚጠበቅ አጥንት ነው" ብሎ ያልፈዋል። የለመደው ግን ተራው እንደማይዘለል ስለሚያውቅ ያ ቁራጭ ተቦጭቆ መጥቶ መገጣጠሚያው ውስጥ የተቀረቀረው ሦስተኛው ራሱ መሆኑን ይነግራችኋል፣ እና ልጁ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። ያለፈው ከሆነ ክርኑ ሳይዘረጋ ያድጋል።

ደረትም እንደዛው ነው። ሕፃን ልጅ ላይ ልብ ፊት ለፊት የተቀመጠ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፣ የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚሠለጥኑበት። ሕፃን ላይ ትልቅ ነው፣ ከዛ እያደር ይቀንሳል፣ ትልቅ ሰው ላይ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ ትልቅ ሰው ብቻ ሲያነብ የኖረ ሐኪም የ3 ወር ሕፃን ራጅ ሲያይ "ልቡ ተልቋል" ወይ "ዕጢ አለ" ወይ "ሳንባው ላይ ምች አለ" ሊል ይችላል፣ እኛ አገር ደሞ በደረት መሀል የሆነ ነገር ከታየ ቲቢ ቶሎ ይታሰባል። እና ጤነኛ ልጅ ለወራት መድኃኒት ሊጀምር ነው ማለት ነው፣ ጤነኛ ዕጢ ይዞ በመገኘቱ።

ይሄ የታይመስ ነገር ታሪክ አለው፣ እና የሙያው ታሪክ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለውም ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1900ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ደህና የነበረ ሕፃን ድንገት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ አስከሬኑ ይመረመርና ታይመሱ "ትልቅ" ሆኖ ይገኝ ነበር። ትልቅ ከምን አንጻር? ሐኪሞቹ የተማሩበት አስከሬን ባብዛኛው የድሆች ልጆች አስከሬን ነበር፣ ተርበው፣ ተቅማጥና ሳል ይዟቸው ብዙ ቆይተው የሞቱ ልጆች። ታይመስ ደግሞ በረሀብና በረጅም ሕመም ይሟሽሻል። ስለዚህ የሟሸሸውን ጤነኛ ነው ብለው ተማሩት፣ ጤነኛውን ሲያገኙት ደግሞ በሽታ አሉት፣ የትንፋሽ ቧንቧ ይጫናል ብለውም ስም አወጡለት። ከ1907 ጀምሮ ደሞ መፍትሔ ተገኘ ተባለ፣ ሕፃኑን ደረቱ ላይ በጨረር መምታት። ታይመስ በጨረር ቶሎ ስለሚቀንስ ራጁ ላይ በእርግጥም ይሟሽሻል፣ ሐኪሙም ወላጅም ደስ ይላቸዋል፣ እና እንዲህ እየተባለ በሺዎች የሚቆጠሩ ምንም ያልነበረባቸው ሕፃናት ጨረር ተሰጣቸው። በ1950 ታይሮይድ ካንሰር የያዛቸው ልጆች ሲጠየቁ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሕፃንነታቸው ለታይመስ ጨረር እንደተሰጣቸው ሪፖርት ወጣ፣ ከዛም በኋላ የተደረጉት ክትትሎች ነገሩን አጸኑት።

ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሐኪሙም ሰነፍ አልነበረም። የጠፋው ነገር ጤነኛ ልጅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው።

ያንን ሥራ ሥራዬ ብለው ከያዙት አንዱ ጆን ካፊ የሚባል ሰው ነው። ካፊ የተወለደው በ1895 ነው፣ ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘበት ዓመት። ኒውዮርክ ቤቢስ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ነበር እንጂ ራዲዮሎጂስት ሆኖ አልጀመረም፣ ወደ ራጅ ክፍሉ የገባው በኋላ ነው፣ እና ይሄ ይመስለኛል የጠቀመው። ልጆቹን በአካል ስለሚያውቃቸው ምስሉን ከልጁ ነጥሎ አያየውም ነበር። በ1945 ስለ ልጆች ራጅ ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ ላይ ይሄ "ትልቅ ታይመስ" የሚባለው ነገር በሽታ አለመሆኑን በግልጽ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር አወጣ፣ እሱ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ድረስ ይዘልቃል።

የ1946ቱ ጽሑፍ ስድስት ሕፃናት ላይ ነው። ስድስቱም ጭንቅላታቸው ውስጥ፣ አንጎሉን ከላይ በሸፈነው ጠንካራ ሽፋን ስር የቆየ ደም አለ። ስድስቱም ጋ ደግሞ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች ስብራት አለ፣ ተደምሮ 23 ስብራት። አንዳንዱ የተጠገነ፣ አንዳንዱ ትኩስ። አጥንትን የሚያሳሳ በሽታ ቢፈለግ የለም። ወላጅ ሲጠየቅ ይሄን የሚያህል ጉዳት የሚያመጣ አደጋ አይናገርም። ካፊ በጊዜው "ቤት ውስጥ እየተደበደቡ ነው" ብሎ በቀጥታ አልጻፈም፣ ስብራቱ ከውጭ በደረሰ ጉዳት የመጣ መሆኑን ነው የጠቆመው፤ ግን ጥርጣሬው መስመሮቹ መሀል አለ። ከሱ በኋላ ፍሬድሪክ ሲልቨርማን የሚባል ሌላ የልጆች ራዲዮሎጂስት ነገሩን ገፋው፣ በ1962 ከሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ኬምፕ ጋር ሆነው ልጅ በቤተሰቡ ሊደበደብ እንደሚችልና ሐኪም ይሄን እንደ አንድ የሕክምና ችግር ማወቅ እንዳለበት በግልጽ አወጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ሲጠረጥር እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። የሕፃናት ራዲዮሎጂ ማኅበሩም በ1958 ተቋቁሞ ስለነበር በዛን ጊዜ ሙያው ራሱን ችሎ መቆም ጀምሯል።

አሁንም ይሄ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። ትልልቅ የልጆች ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ ፕሮፌሰሮች ለምስክርነት ፍርድ ቤት ይጠራሉ። ሁለቱም ጎን ያስፈራል፤ ስብራቱን ካለፈው ልጁ ወደዛው ቤት ይመለሳል፣ ጤነኛ የሆነ የዕድገት መስመርን (አጥንቱ የሚረዝምበትን ልም አጥንት) ወይ ሪኬትስን (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበትን በሽታ) ስብራት ነው ካለ ደግሞ ንጹሕ እናት ልጇን ትነጠቃለች። እንግዲህ "ጤነኛ የቱ ነው" የሚለው ጥያቄ የክፍል ጨዋታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀን ተቀን ሥራው እንምጣ። ብዙ ሰው ራዲዮሎጂስት ጨለማ ክፍል ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይ ሰው ብቻ ይመስለዋል። ብዙው ሰዓት እንደዛ ነው እውነት ነው፣ ግን የልጆቹ ላይ ሲሆን በእጅ የሚሠራም አለ፣ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

9 ወር አካባቢ የሆነው ልጅ በድንገት እያለቀሰ እግሮቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ከዛ ጸጥ ይላል፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ እንደገና። ያስመልሰዋል። ከቆየ ሰገራው ደም የቀላቀለ ንፍጥ ይሆናል። እናቶች ቁርጠት ነው፣ ጥርስ ነው፣ ቡዳ ነው ሊሉ ይችላሉ፣ ውስጥ ያለው ነገር ግን የአንጀቱ አንዱ ክፍል ቀጥሎ ያለው አንጀት ውስጥ ተስቦ መግባቱ ነው፣ ካልሲ ስታወልቁ ራሱ ውስጥ እንደሚጠቀለለው። ሐኪሞቹ ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። ቶሎ ካልተፈታ የገባው አንጀት ደም ያጥረውና ይሞታል። አልትራሳውንድ ሆዱ ላይ ሲደረግ ክብ ውስጥ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ለለመደ ሰው የሰከንዶች ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የሚገርመው። ድሮ ቀጥታ ቀዶ ሕክምና ነበር፣ አሁን ራዲዮሎጂስቱ ራሱ በፊንጢጣ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አየር ይነፋል፣ ግፊቱን በመለኪያ እያየ፣ ከ120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብዙም እንዳይበልጥ እየተጠነቀቀ፣ በቀጥታ በራጅ እያየ። አየሩ ያን የገባ አንጀት ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ይገፋዋል፣ ትልቁና ትንሹ አንጀት የሚገናኙበት በር ጋ ሲደርስ ቆም ይላል፣ እዛ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዛ ድንገት አየሩ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሲጎርፍ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ በቃ ተፈታ። ልጁ ብዙ ጊዜ እዛው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲጮህ ስለዋለ ደክሞታል። ሁሌ አይሳካም፣ አንዳንዴ አንጀቱ ሊበሳ ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ አብሮ ዝግጁ መሆን አለበት፣ ከተፈታ በኋላም ከአስር ልጅ አንዱ ላይ ገደማ ተመልሶ ይመጣል። ግን አብዛኛው ልጅ ሆዱ ሳይቀደድ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ በአየር ፈንታ ውሃ ተጠቅመው በአልትራሳውንድ እያዩ ይፈቱታል፣ ጨረር የለውም፣ እኛ አገር ላሉ ሆስፒታሎች እንደውም የሚስማማው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ።

ሌላው በእጅ የሚሠራ ነገር የአራስ ጭንቅላት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፣ እሱን ለማየት ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም አያስፈልግም፣ እርግብግቢቱ ገና ክፍት ስለሆነ አልትራሳውንዱን እዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል። ልጁ ከሙቀት ሳጥኑ ሳይወጣ። እርግብግቢት ሲዘጋ ግን ይሄ መስኮት አብሮ ይዘጋል፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ማየት አይቻልም።

ከጨረር ጋር ያለው ነገር ደግሞ ለብቻው ይነሳ። ልጅ ለጨረር ከትልቅ ሰው ይልቅ ስስ ነው፣ ሴሎቹ በፍጥነት ይከፋፈላሉ፣ ደሞ ከፊቱ ረጅም ዕድሜ ስላለው ዛሬ የደረሰ ጉዳት ካንሰር ሆኖ ለመምጣት ጊዜ አለው። አንድ ተራ የደረት ራጅ በጣም ትንሽ ነው፣ እሱን አትፍሩት። የሆድ ሲቲ ግን ከደረት ራጅ በመቶ እጥፍ የሚቆጠር ጨረር ሊኖረው ይችላል። በ2001 የጨረር ተመራማሪው ዴቪድ ብሬነርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 600,000 ገደማ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የጭንቅላትና የሆድ ሲቲ እንደሚነሱና ከነዚህ ውስጥ 500 ያህሉ በስተመጨረሻ በዛ ጨረር ምክንያት በሚመጣ ካንሰር ሊሞቱ እንደሚችሉ ግምት አወጡ። ግምት ነው፣ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም፣ ብዙ ክርክርም ተነስቶበታል። ያስደነገጠው ነገር ግን ከቁጥሩም በላይ ሌላ ነው፦ በዛን ጊዜ ብዙ ሆስፒታል ማሽኑን ለትልቅ ሰው በተስተካከለበት መጠን ሕፃኑንም ያነሳው ነበር። የአምስት ኪሎ ልጅ በሰማንያ ኪሎ ሰው ጨረር።

እዚህ ጋ የአካዳሚኮቹ ሥራ ይታያችኋል። ማሽን ሻጩ ይሄን የማስተካከል ግዴታ አልተሰማውም፣ ቀን ሙሉ ሲያነብ የሚውለው ሐኪምም ጊዜ የለውም፣ በየኪሎው ምን ያህል ጨረር ይበቃል የሚለውን ቁጭ ብለው ለክተው፣ ሠንጠረዥ ሠርተው፣ ጽፈው፣ በየኮንፈረንሱ እየዞሩ የጨቀጨቁት የልጆች ራዲዮሎጂ መምህራን ናቸው። በ2008 ኢሜጅ ጀንትሊ የሚል ዘመቻ ከፈቱ፣ መልእክቱ ባጭሩ "ልጅን ስታነሱ በልኩ አንሱ" ነው፣ የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታንሱ። አሁን አዳዲስ የሲቲ ማሽኖች የልጅ መጠን ተሞልቶላቸው ነው የሚመጡት። ለዚህ ሥራ ማንም በበሽተኛ ቁጥር አይከፍላችሁም።

ታዲያ አንድ ሐሳብ ከአንድ ሐኪም ጭንቅላት ተነስቶ ልጁ ጋ እስኪደርስ ምን ያህል ይፈጃል? ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የራሳችን ሰው አለ፣ ፕሮፌሰር ካሳ ዳርጌ። ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ ጀርመን አገር ሃይደልበርግና ዉርዝቡርግ ሠርተው በኋላ አሜሪካ ሄዱ፣ የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የራዲዮሎጂ ክፍል ዋና ኃላፊም ሆነዋል። ይሄ ሆስፒታል በ1855 የተቋቋመ፣ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ብቻ የተከፈተ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው፣ እና እዛ ክፍል ላይ ኃላፊ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ከሰጡት ጥያቄ አንዱ ደግሞ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ነው፦ የልጅ ሽንት ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ በአንድ አቅጣጫ ነው መውረድ ያለበት። አንዳንድ ልጆች ላይ በሩ በደንብ ስለማይዘጋ ሲሸኑ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ ከነ ባክቴሪያው፣ እና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ኩላሊቱን ሊያቆስል ይችላል። ይሄን ለማየት የተለመደው ዘዴ በሽንት ቧንቧ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) አስገብቶ ፊኛውን ራጅ ላይ በሚታይ ፈሳሽ መሙላትና ልጁ ሲሸና በራጅ መከታተል ነው። ጨረሩ የሚያርፈው ደግሞ በትክክል የመራቢያ አካላቱ አካባቢ ነው። በዚህ ፈንታ ፈሳሹን ትንንሽ የጋዝ አረፋ ባለው ፈሳሽ ቀይሮ በአልትራሳውንድ ቢታይስ? አረፋው አልትራሳውንድ ላይ ቦግ ብሎ ይታያል፣ ኩላሊት ጋ ከደረሰ ይታወቃል፣ ጨረር ዜሮ። ካቴተሩ ግን ይቀራል እንዳይመስላችሁ፣ እሱ ያው ነው፣ ልጁም ያው ያለቅሳል።

ሐሳቡ እንዲህ በሁለት መስመር ይነገራል እንጂ አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት የተሠራበት ነገር አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ለልጆች የሽንት ምርመራ የፈቀደው በ2016 መጨረሻ ነው። መሀሉ ላይ ያለው የአካዳሚክ ሕይወት ነው፦ አንድ ልጅ ላይ ሁለቱንም ምርመራ አድርጎ ማወዳደር፣ አረፋው ምን ያህል መሆን እንዳለበት መሞከር፣ የጎንዮሽ ጉዳት መመዝገብ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መለመን፣ ወላጅ ማስረዳት፣ መጻፍ፣ መጽሔቱ ሲመልሰው እንደገና መጻፍ፣ ከዛ ሌሎች ሆስፒታሎች ሄዶ እጅ በእጅ ማሠልጠን። ጽሑፉ ብቻውን ማንንም አያሳምንም፣ ሰው ጎኑ ቆሞ ሲሠራ ካላየ የለመደውን አይተውም።

መንገዱ ረጅም ነው። አሜሪካ ከሆነ ኮሌጅ አራት ዓመት፣ ሕክምና አራት፣ ኢንተርን አንድ፣ ራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ አራት፣ የሕፃናት ፌሎውሺፕ አንድ፣ ፈተናዎቹ ለብቻ። ከዛ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እየተባለ ይኬዳል፣ ለየደረጃው ደግሞ የታተመ ጥናት፣ ያስተማራቸው ሰዎች ግምገማ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ምስክርነት ይጠየቃል። ለጥናት ተብሎ በሳምንት የሚሰጠው ቀን ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ የሚነበበው ምስል ሲከመር መጀመሪያ የሚሠዋው ያ ቀን ነው፣ ጽሑፉ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ይጻፋል። ገንዘቡስ ካላችሁ፣ የትልቅ ሰው ምስል በግል ሆኖ ማንበብ የበለጠ ያስገኛል፣ ስለዚህ አሜሪካ ራሷ ውስጥ የሕፃናት ፌሎውሺፕ ቦታዎች ሳይሞሉ ይቀራሉ። ይሄን የምለው ማንንም ላስፈራራ አይደለም፣ ወደዚህ የሚገባ ሰው አውቆት ይግባ ብዬ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? ሕዝቡ አብዛኛው ልጅና ወጣት የሆነበት አገር ላይ የልጅ ምስል የሚያነበው ለረጅም ጊዜ ጠቅላላ ራዲዮሎጂስቱ ነበር፣ ክፍለ ሀገር ላይ ደሞ ራሱ ያዘዘው ጠቅላላ ሐኪም። ይሄን ለመለወጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ ላይ ከፊላደልፊያው የሕፃናት ሆስፒታል ጋር በመተባበር የሕፃናት ራዲዮሎጂ ፌሎውሺፕ ተጀምሯል፣ ፕሮፌሰር ካሳም እጃቸው አለበት። ከዚህ የማደንቀው ነገር አሠራሩ ነው፤ ሐኪሙ ውጭ ሄዶ እዛው እንዲቀር ከማድረግ መምህራኑ እየመጡ እዚሁ፣ እዚህ ባለው ማሽንና እዚህ ባሉት ልጆች ላይ ያስተምራሉ።

"እዚህ ባሉት ልጆች" የሚለው ዝም ብሎ የገባ አይደለም። እኛ ጋ ያለው ልጅ ራጅ ላይ የሚያሳየው ነገር የፊላደልፊያው ልጅ ከሚያሳየው ይለያል። በ1997 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት አለ፣ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙ 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፣ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ በሞላበት አገር! ልጅ ተጠቅልሎ፣ ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል እየተባለ ቤት ውስጥ ስለሚያድግ ነው በዋናነት። ሪኬትስ የጎድን አጥንት ጫፎችን ያሳብጣል፣ ደረትን ያላላል፣ ልጁ በደንብ አይተነፍስም፣ አይስልም፣ ስለዚህ ምቹ ይከፋል። አሁን አስቡት፣ ለምች ብሎ የደረት ራጅ ያዘዘ ሐኪም ሳንባውን ብቻ አይቶ ፊልሙን ከመለሰው ዋናው ነገር ጠርዙ ላይ፣ ጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አልፎታል። ታይመሱም እንደዛው፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ ሟሽሾ ነው የምታገኙት፣ እነዛ የ1900ዎቹ ሐኪሞች ግራ የተጋቡበት ነገር እዚህ ዛሬም አለ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ።

የራሳችን ጤነኛ መለኪያ አለመኖሩ ደግሞ ከሆስፒታል ውጭም ዋጋ ያስከፍላል። የአጥንት ዕድሜ የሚባል ነገር አለ፣ የግራ እጅ ራጅ ይነሳና አጥንቶቹ ምን ያህል እንደበሰሉ ከአትላስ ጋር ይነጻጸራል። ከሁሉ የታወቀው አትላስ የግሮይሊክና የፓይል ነው፣ በ1950 የወጣ፣ የተሠራው ኦሃዮ ክሊቭላንድ በነበሩ የተሻለ ኑሮ ባላቸው ነጭ አሜሪካውያን ልጆች ላይ ነው። ዓላማው ልጁ ቁመቱ ለምን አልጨመረ፣ ሆርሞኑ እንዴት ነው የሚለውን ለማየት ነበር፣ ለዛ ጥሩ ነው። ከዛ ግን ሰው ለሌላ ነገር ተጠቀመበት። ወላጅ ሳይኖረው ብቻውን አውሮፓ የደረሰ ስደተኛ ልጅ፣ ከኛም ከኤርትራም ከሌላም፣ "16 ነኝ" ሲል "እጅህን ራጅ ተነሳ" ይባላል። ጤነኛ የሆነ የ16 ዓመት ልጅ አጥንት ከትክክለኛ ዕድሜው አንድ ወይ ሁለት ዓመት ሊቀድም ወይ ሊዘገይ ይችላል፣ በአትላሱ ዘመን በልተው ካደጉት ልጆች ጋር ሲወዳደር ያውም። 18 ላይ ደግሞ በአንድ ዓመት ልዩነት የልጁ ዕድል ይወሰናል፣ ትምህርት ቤት ወይስ ካምፕ፣ መቆየት ወይስ መመለስ።

እግር ኳሱም አለ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይጠቀማል፣ ኤምአርአይ ጨረር ስለሌለው ጤነኛ ልጅን ማንሳት ይቻላል። የዕድገት መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 በላይ የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው ይባላል፣ ካልተዘጋ ግን ከ17 በታች ነው ማለት አይደለም፣ ዘግይቶ የሚዘጋለት ስላለ። የአንድ አቅጣጫ ማስረጃ ነው እንግዲህ፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን "ዕድሜው ታወቀ" ተብሎ ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞችና የልጆች ራዲዮሎጂስቶች ራጁን ለዚህ ዓላማ አናነብም እስከማለት ደርሰዋል፣ ለልጁ ሕክምና የማይጠቅም ጨረር ነው በሚልና መልሱ ከስህተቱ ስፋት አንጻር አያስተማምንም በሚል። እኔም ከነሱ ጋ ነኝ። ግን ዝም ማለት ብቻ አይበቃም፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ የሚያድጉ ጤነኛ ልጆች እጅ በየዕድሜው ምን እንደሚመስል የተሠራ ነገር በእጃችን ቢኖር አንድ ጠበቃ ፍርድ ቤት ፊት ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። ራዲዮሎጂ ሬዚደንት ሆናችሁ የማስተርስ ወይ የስፔሻሊቲ ጥናት ርዕስ ለጠፋባችሁ፣ ይሄው። ለሌላ ጉዳይ፣ ወድቆም ይሁን በምን፣ እጁን የተነሳ ልጅ ፊልም ሆስፒታሉ ውስጥ አለ፣ አዲስ ጨረር ለማንም መስጠት አያስፈልግም፣ የልደት ቀኑ በትክክል የተመዘገበውን መለየት ነው ከባዱ።